ባለ ትልቁ ፊደል

ፍኖተ ሰላም የሚማር ልጅ በእንግሊዝኛ ፈተና ስሙን በትንሽ ፊደል ከጀመረ ማርክ ይቀነስበታል። ያው ልጅ በአማርኛ ሲጽፍ ግን ንጉሡንም ሎሌውንም ባንድ ቁመት ያሰልፋል፤ ፊደላችን ሹመት አያውቅም። እንግሊዝኛ ሰኞንና ጥርን ሳይቀር በትልቅ ፊደል ያከብራል። «እኔ» ማለትማ የትም ብትገባ ትልቅ ናት፤ «አንተ» ዓረፍተ ነገሩን ካልጀመረ ትንሽ ነው። «አንቱ» እያለ ላደገ የቡሬ ሰው ይህ ነውር ነው። የኛ ጸሐፊዎች ብራና ላይ የማርያምን ስም በቀይ ቀለም ይጽፉ ነበር፤ ክብርን በቀለም እንጂ በቁመት አልለኩም።

ነጥቡን ግን ተዉት! ቃልና ቃል የሚለየው ሁለት ነጥብ ቦታውን ለባዶ ክፍተት ለቆ ከሄደ ቆየ። አራት ነጥብ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ከነፊደሉ የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ የሆነው ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ስልካችን ላይም አለ። የሚነካው ግን የለም። ከግሽ ዓባይ የተላከ መልእክት እንደ ወንዙ ነው፤ አንዴ ከመነጨ መፍሰስ ብቻ ነው። የቅኔ ተማሪ ቃል ቢያጣብቅ ወርቅ ሊደብቅ ነው። እናንተ ምን ደብቃችሁ ነው? እባካችሁ፣ አራት ነጥቧን ንኩልን።