ለጥምቀት ያልሆነ ቲሸርት

ደባርቅ ላይ የዋና ቡድን የለም። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ግድም ላይ ተቀምጦ በጥር ማለዳ ጋቢ ደርቦ የሚንቀጠቀጥ ከተማ የዋና ቡድን ባይኖረው ማንም አይፈርድበትም። ከዋና ጋር ዝምድና ያለው ነገር ቢፈለግ መናኸሪያ የቆመው ዶልፊን ሚኒባስ ብቻ ነው። የዋና ልብስ ግን በየዓመቱ እናሠራለን።

ታኅሣሥ ሲገባ የሰፈሩ ወጣት ይሰበሰባል። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ ይመረጣል። አጀንዳው አንድ ነው፤ የጥምቀት ቲሸርት። ለብሰነው ለታቦቱ ምንጣፍ እናነጥፋለን ይባላል፤ ቃለ ጉባኤ ላይም እንዲሁ ይጻፋል። ግማሹ ግን በልቡ ያሰበው ጎንደር ወርዶ ፋሲል መዋኛ ውስጥ ሲዘል የሚነሳውን ፎቶ ነው። ምንጣፉ ለታናናሽ ወንድሞች ይቀራል። የዳባት ልጆችም ያው ናቸው፤ እነሱ እንዲያውም ለጎንደር ስለሚቀርቡ ቀድመውን ይደርሳሉ።

ክርክሩ የሚጀምረው ከሥዕሉ ነው። ደባርቅ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በር ናትና ደረቱ ላይ ዋልያ መኖር አለበት፤ በዚህ ድምፅ አይሰጥም። ዲዛይኑን የሚሠራው የማተሚያ ቤት ልጅ ግን ዋልያ በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ኢንተርኔት ከፍቶ ቀንዱ የቆለመመውን ሁሉ ያወርዳል። አንዴ የመጣልን በረዶ ላይ የቆመ የአውሮፓ ዘመዱ ነበር። ሌላ ከተማ ቢሆን ማን ያውቅ ነበር? እዚህ ግን ሦስት ሰው ከቆመ አንዱ አስጎብኚ፣ አንዱ የፓርኩ ስካውት፣ አንዱ በቅሎ አከራይ ነው።

«ይሄ የኛ አይደለም» አሉ አንድ ሽማግሌ ስካውት፣ ቲሸርቱን እያገላበጡ። «የኛው ቀላ ያለ ቡኒ ነው፤ ወንዱ ጥቁር ጢም አለው። ይሄ የሰው አገር ፍየል ነው።»

ዓለም ላይ ከሰሜን ተራሮች በቀር የትም የማይገኝ እንስሳ እያለን፣ የሰው አገር ፍየል ደረታችን ላይ ለጥፈን በዓሉን ዋልን።

ሳይዙ ሌላ ጣጣ ነው። በደባርቅ ብርድ ቲሸርት የሚለበሰው ከጃኬት በላይ ስለሆነ፣ ሚዲየም የሚበቃው ሁሉ «ኤክስ ኤል» ብሎ ይመዘገባል። እናት ደግሞ «ለከርሞም ይሆነዋል» ብላ አንድ ኤክስ ታስጨምራለች። ጎንደር ከደባርቅ 700 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፤ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ሲበረታ ጃኬቱ ይወልቃል። ያኔ ከተማው ውስጥ የአባቱን ልብስ የለበሰ የሚመስል ወጣት ሁሉ የኛ ልጅ ነው።

ከቀሃ ወንዝ ተጠልፎ መዋኛው ውስጥ የገባው ውሃ ሌሊቱን ሙሉ ጸሎት ሲደርስበት ያድራል፤ ጥር 11 ጠዋት ይባረካል፤ ምእመኑ ይረጫል። ከዚያ ወጣቱ ከግንቡም ከዛፉም ላይ እየተወረወረ ይገባል። ኤክስ ኤሉ ውሃው ላይ እንደ ጃንጥላ ይነፋና አንገት ላይ ይሰበሰባል፤ ልጁ ዋናውን ትቶ ከገዛ ቲሸርቱ ጋር ይታገላል። ከታች ጂንስ አለ። ጂንሱ ኪስ ውስጥ ስልክ አለ። ማተሚያ ቤቱ «በፍጹም አይለቅም» ያለው ቀይ ቀለም ደግሞ የጎረቤትን ነጭ ነጠላ ሮዝ ያደርጋል። አበው «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» አሉ እንጂ ይዋኝበት አላሉም።

ፈረንጆቹ በዋና ልብስ ነገር ከኛ ብሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ሮም ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና፣ ገላን ከላይ እስከ ታች የሚያጣብቅ ጎማ መሰል ልብስ ለብሰው 43 የዓለም ክብረ ወሰን ሰበሩ። የዓለሙ ፌዴሬሽን ደንግጦ ከ2010 ጀምሮ ልብሱን አገደው፤ የወንዶቹም ከእምብርት እስከ ጉልበት ብቻ ይሁን አለ። የኛ ልጅ በዚህ ደንብ ቢለካ ከላይም ከታችም ይወድቃል። በ2016 ሪዮ ኦሊምፒክ በ100 ሜትር ነፃ ዋና 1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ገብቶ መጨረሻ በመውጣቱ ስንት የተሳቀበት ሮቤል ኪሮስ እንኳ ቢያንስ ጂንስ አልለበሰም። «በኢትዮጵያ ሁሉም ይሮጣል፤ እኔ ዋናን መረጥኩ» የሚል ሐሳብ ሰጥቶ ነበር። የኛዎቹ ገና አልመረጡም፤ የመረጡት ቲሸርቱን ነው።

እኔ ቲሸርቱ ይቅር አልልም። የዓመት በዓል ወጣት ባንድ ቀለም ሲወጣ ያምራል፤ ምንጣፉም ካለ እነሱ አይነጠፍም። የምለምነው ጥቂት ነው። ሥዕሉን ከማሳተማችሁ በፊት ለአንድ ስካውት አሳዩት። ልካችሁን ጃኬት አውልቃችሁ ተለኩ። ስልካችሁን ግንቡ ላይ ለቀረ ጓደኛ ስጡ። ስማችሁን አስመዝግባችሁ እስካሁን ያልከፈላችሁ ደግሞ እባካችሁ ክፈሉ፤ ገንዘብ ያዡ በማተሚያ ቤቱ በር ማለፍ ካቆመ ሰንብቷል።