አንድ ስም ይበቃቸዋል

ከጅግጅጋ ወዲያ ያለውን አገር «ሶማሌ» እና «አርብቶ አደር» በሚሉ ሁለት ስሞች ለጨረሱልን ዜና ጸሐፊዎችና ሪፖርት አዘጋጆች ምስጋና ይገባል። ቀለም ይቆጥባል፣ ካርታ ከመግለጥም ያሳርፋል። ኢሕአዴግማ ተራቅቆበት ነበር፤ የሶማሌን፣ የአፋርን፣ የጋምቤላን፣ የቤኒሻንጉልንና የሐረሪን ፓርቲዎች «አጋር» ብሎ ሰብስቦ እስከ 2012 ዓ.ም. ደጅ አስጠናቸው። የባሮ ዳር ገበሬንና የጀጎል ነጋዴን ምን አገናኛቸው? ከአራት ኪሎ ሲታዩ ሁለቱም ሩቅ ናቸው፤ ይበቃል።

በዚያው በሶማሌ ክልል ያለችው የሀርሺን ወረዳ ግን ለዚህ አመል አትመችም። መስከረም 1970 የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ ጦር ጅግጅጋን ሲይዝ ሶማሌን ሁሉ አንድ አደርጋለሁ ብሎ ነበር። ዐሥር ዓመት ቆይቶ፣ በ1980፣ ያው መንግሥት የራሱን ከተማ ሀርጌሳን በአውሮፕላን ደበደበ። የሸሹት፣ በአብዛኛው የኢሳቅ ጎሳ ሰዎች፣ ድንበር ተሻግረው ሀርሺን አካባቢ ወዳለችው ሀርትሼክ ጎረፉ፤ መጠለያው በጊዜው ከዓለም ትልቁ የስደተኞች ጣቢያ ተባለ። ደብዳቢው ሶማሌ፣ ተደብዳቢው ሶማሌ፣ አስጠጊው ሶማሌ። «የሶማሌ ቀውስ» ብሎ የጻፈ አልዋሸም፤ ማን ማንን እንዳሳደደ ብቻ ደበቀልን። የድርቅ ዘገባውም እንዲሁ ነው። ሀርሺን ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም፤ ኑሮዋ በብርካ፣ የዝናብ ጎርፍ በሚጠራቀምበት በሲሚንቶ በተለሰነ ጉድጓድ ነው። ብርካ ባለቤት አለው፤ በደረቁ ወራት ውሃው ይሸጣል። «አርብቶ አደሩ በውሃ እጥረት ተቸገረ» የሚለው ሪፖርት ለሻጩም ለገዢውም እኩል ያዝናል። እርዳታው ለማን ይድረስ? ለአርብቶ አደሩ ነዋ!

«ታዲያ ጎሳ እየቆጠርን አገር እናፍርስ?» የሚል ይኖራል። ስጋቱ ከንቱ አይደለም፤ ሞቃዲሾ የሥልጣን ወንበር በጎሳ ቀመር ስታከፋፍል ምን ያህል እንደተናቆረች አይተናል። ነገሩ የትምህርት ቋንቋ ወይም የፌዴሬሽን ምክር ቤት ወንበር ከሆነ «ሶማሌ» ማለት ልክ ነው፤ ሁሉንም ይነካልና። ውሃ ሲሆን ግን ወረዳውን ጠርቶ፣ ብርካ ያለውንና የሌለውን ለይቶ መጻፍ ማንንም አያጋጭም። ደግሞስ ጥቅል ስም ሰላም ያወርዳል ያለው ማን ነው? ጅግጅጋም የራሷ ጥቅል ስም አላት፤ ጉራጌው ባለሱቅ፣ የወሎው አናጢ፣ የወላይታው የቀን ሠራተኛ ለብዙው ሰው «ሐበሻ» ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2010 አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ፣ ሱቆች ሲዘረፉ፣ አጥፊዎቹ የባለሱቁን አገር ቤት አልጠየቁም፤ ስሙ ሰፊ ስለነበር ሁሉንም አዳረሰ።