አይዞህ ባዩ መኪና

ቶኪዮ ላይ የሱሞ ትግል የጠዋት ልምምድ ለማየት የገባ እንግዳ ጫማውን አውልቆ፣ እግሩን አጣጥፎ፣ ትንፍሽ ሳይል ይቀመጣል። ጉለሌ ግን ደግ ናት። ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ፣ እንጦጦ ላይ፣ 3,000 ሜትር ግድም ከፍታ፣ ሯጮቹ ጎህ ሲቀድ በባሕር ዛፉ መሃል ሲወጡ ተመልካቹ በመኪና ይከተላቸዋል። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «በርታ! አይዞህ!» ይላል፤ ጭሱንም በነጻ ይለግሳል። አንዳንዱማ ቦርጩን መሪው ላይ አሳርፎ የእግር አጣጣል ያርማል። ሱሞዎቹ ቁርስ ሳይቀምሱ ይታገሉና ምሳ በገፍ በልተው ይተኛሉ፤ የኛ ሰው ሁለተኛውን ክፍል ያለ አሠልጣኝ ተክኖበታል። ወንድሜ፣ ቢያንስ ሞተሩን አጥፋ፤ እዚያ ላይ አየሩ ድሮም ስስ ነው።