ልቦና ይስጥህ

ፊት ለፊት የሚሳደብ ሰው አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ድምፁን ዝቅ፣ ነጠላውን ከፍ አድርጎ «ልቦና ይስጥህ» የሚለው ነው። ስድብ ወዲያው ይረሳል፤ ይቺ ግን ምርቃት መስላ ገብታ አንጀት ስታቃጥል ታድራለች። «እግዚአብሔር ይይልህ» የምትባል ታላቅ እህትም አለቻት። ብዙዎቻችን ክርስቲያኖች ቁጣን በትሕትና አለፍን ስንል ያደረግነው ይህንኑ ነው፤ ዱላውን ጥለን ሳይሆን ለፈጣሪ አቀብለን።

ባለፈው ሁዳዴ ወደ ሳሪስ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ኪዳን አድርሰው የሚመለሱ እናት አጠገቤ ተቀምጠዋል። መቶ ብር ሰጥተዋል።

«ልጄ፣ መልሴን።»

«መልስ የለም አልኩ እኮ እማማ! አትሜ ላምጣ?» ወያላው ጮኸባቸው። ታክሲው በሙሉ ዞረ።

እማማ አየት አደረጉትና፣ «ከስንት ሰዓት ጀምረህ ነው የቆምከው?» አሉት።

«ከአስራ አንድ።»

«ውይ በሞትኩት! እንደቆምክ?» ከጉያቸው በፌስታል የተቋጠረ ቆሎ አውጥተው መዳፉ ላይ ዘረገፉለት። «ጾመኛም ከሆንክ ስትፈታ ትበላዋለህ።»

ልጁ ሲቆጡት የሚለውን በቃሉ ያውቃል፤ ቆሎ ሲሰጡት የሚባለውን ግን ማንም አላስተማረውም። ዝም ብሎ ኪሱን ይዳብስ ጀመር፤ የለም የተባለው ዝርዝርም ከየት እንደሆነ እንጃ ተገኘ። ነገሩ በዚህ ባለቀ ነበር፤ ከኋላ ወንበር አንድ ባለነጠላ ሰውዬ «ልቦና ይስጥህ ወንድሜ» ሲሉት እንደገና እሳት ጎረሰ።

መጽሐፍ ቅዱስም የሚያውቀው የእማማን ዓይነት ገርነት ነው። ናባል የዳዊትን መልእክተኞች ሰድቦ ሲሰድ፣ ዳዊት 400 ሰው አስታጥቆ ገሰገሰ። የናባል ሚስት አቢግያ ያበረደችው በለስላሳ ቃል ብቻ አይደለም፤ 200 እንጀራ፣ ሁለት አቁማዳ ወይን ጠጅና አምስት የተሰናዳ በግ በአህያ አስጭና ነው። የበላ ሠራዊት እንዴት ይቆጣል? ለባሏም የሆነውን እስኪነጋ አልነገረችውም፤ ሰክሮ ነበርና። ለሰከረ ሰው ማስረዳት እንደማያዋጣ ያወቀች ብልህ ናት።

ታዲያ ገር መሆን መብትን መተው የሚመስለው አይጠፋም። ሌላውን ጉንጭ ስለ መስጠት ያስተማረው ጌታ ራሱ፣ በሊቀ ካህናቱ ፊት አንዱ ሎሌ በጥፊ ሲመታው፣ ጥፋቴ ምን እንደሆነ መስክር፣ ከሌለብኝ ለምን መታኸኝ የሚል ጥያቄ ነው ያቀረበለት። አልተሳደበም፤ አልተለማመጠምም።

እማማም ቢሆኑ መልሳቸውን ለልጁ አልመረቁለትም። አንድ በአንድ ቆጠሩ፣ አምስት ብር ጎደለ፣ «ልጄ፣ አምስት ይቀርሃል» ብለው እሷንም ተቀብለው ነው የወረዱት።