ግመል የማይደርስበት አበባ

ለጥላ ቦታ የሚንጠለጠል አበባ ምን ይሻላል ብሎ የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ፉክሲያ፣ ቤጎኒያ፣ ኢምፓሸንስ። መልሱ ስሕተት የለበትም፤ የሳተው አገሩን ነው። እነዚህን አበቦች የሚያወድሱ መጻሕፍት ጥላ ሲሉ የሚያስቡት ቀዝቃዛና እርጥብ ጥግ ነው። ባቲ ላይ ጥላ ማለት ፀሐይ የቀነሰችለት ሙቀት ነው። ከተማዋ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣ ቁልቁል ወደ አፋር ቆላ ታያለች፤ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ተጠግታለች። አየሩ በ1,000 ሜትር 6 ዲግሪ ያህል ስለሚለያይ፣ ደሴ በረንዳ ላይ ተቀማጥሎ የኖረ ፉክሲያ ባቲ ኒም ሥር ሲሰቀል የሚደርስበትን መገመት አያቅትም። እናም እዚህ የሚመርጥ ሰው ስለ ብርሃን ብዙ አይጨነቅ፤ ነገሩን የሚቆርጠው ውሃ ነው።

ቅርጫት ከመሬት ተነሥቶ ሲሰቀል ነፋስ ከጎንም ከሥርም ያገኘዋል። አፈሩ ጥቂት ነው፤ ሥሩ ውሃ ፍለጋ ጠልቆ የሚወርድበት ቦታ የለውም። ግንዱ ውሃ ብቻ የሚመስለው ኢምፓሸንስ ጠዋት ጠጥቶ ጠግቦ፣ ከቀትር በኋላ አንገቱን ደፍቶ ይገኛል። እዚህ ላይ አገር ወዳድ ተከራካሪ ይነሣል፦ «የኛው እንሶስላ የኢምፓሸንስ ዘመድ አይደለም እንዴ? እሱን እንስቀል!» ዝምድናው እውነት ነው፤ ጥላ መውደዱም እውነት ነው። ግን እንሶስላ የሚወደው የደጋና የወይና ደጋ እርጥብ ጫካ ነው፤ ሲመቸው ሰው ያህላል፤ ቁም ነገሩም ያለው ከሥር ነው። ቢበቅል እንኳ ሠርግ በተቃረበ ቁጥር እጅና እግሩን ማቅላት የፈለገ ሁሉ ቅርጫቱን ሊገለብጥ ይመጣል።

ሌላው ደግሞ «ዙሪያችን ያለው እሬት ማን አጠጥቶት ነው የሚኖረው?» ይላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። እሬት ጥሙን የሚችለው ግን ፀሐዩን እየበላ ነው፤ ጥላ ውስጥ ሲገባ ይቀጥናል፣ ይረዝማል፣ ብርሃን ፍለጋ ወደ አንድ ጎን ይንጋደዳል። እኛ የምንፈልገው ጥላንም ጥምንም አንድ ላይ የሚችል ነው፤ እንዲህ ያለው ደግሞ ብዙ አይደለም። ስፓይደር ፕላንት አንዱ ነው፤ ወፋፍራም ነጫጭ ሥሮቹ ውስጥ ውሃ ያጠራቅማል፣ ልጆቹንም በረጃጅም ክር ላይ እያንጠለጠለ ያወርዳቸዋል፤ ለቅርጫት የተፈጠረ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሁለተኛው ፖቶስ ነው፤ ቢጫ ጣል ጣል ያለበት፣ ልብ የሚመስል ቅጠል ያለው ሐረግ። የትውልድ አገሩ በፓስፊክ ውቅያኖስ ያለች የሞሬአ ደሴት ናት፤ ባቲ ድረስ መጥቶ ሳምንት ሙሉ ሲረሳም አይቀየምም። «አበባ የላቸውማ!» ለሚል፣ የስፓይደር ፕላንት አበባ ትንሽና ነጭ ናት፣ ፖቶስ ግን ቤት ውስጥ አያብብም ማለት ይቻላል። ቢሆንም በግንቦት ሙቀት አረንጓዴ ቅጠል ማየት፣ በሚያዝያ የደረቀ ቤጎኒያ ከማስታወስ ይሻላል።

«ታዲያ መሬት ላይ ብንተክለውስ፣ መስቀሉ ለምን አስፈለገ?» የሚል ሰው ፍየል አያውቅም። ፍየል በኋላ እግሯ ቆማ ምን ያህል እንደምትደርስ የሚያውቅ፣ ቅርጫቱን ከራሱ ቁመት በላይ ይሰቅላል። በባቲ ይህም አይበቃም። ሰኞ ገበያ ነው፤ ግመል ያልፋል፤ ግመል አንገቱን ሲዘረጋ 3 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ቅጠል መቀንጠስ ለሱ ምንም አይደለም፣ አጥርንም እንደ ገበታ ጠርዝ ነው የሚያየው። ስለዚህ ቅርጫት ከአጥር ርቆ፣ ወደ ቤቱ ግድግዳ ተጠግቶ ይሰቀል። ፖቶስ በዚህ በኩል ብልህ ነው፤ ቅጠሉ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የካልሲየም ኦክሳሌት መርፌዎች የነከሰውን አፍ ያቃጥላሉ። ለሕፃንም ያው ነውና፣ ወደ ታች የሚወርደውን ሐረግ እየቆረጡ ማሳጠር ነው። ውሃውን በተመለከተ ደግሞ ሰበብ የለም፤ የውዱእ ውሃ ሳሙና የለበትም፣ በሳፋ ከተቀበሉት ለቅርጫት ንጹሕ ነው። በቀን አምስቴ ግን አይሰጥ፤ ፖቶስ ከጥም ይልቅ የሚሞተው በመጥገብ ነው፣ የተረፈውን ፓፓያዋ ትጠጣው።