«ደረሰኝ አለዎት?»

ወዳጆቼ፣ የምንበላውና የምንጠጣው ነገር ከየት ተነስቶ እጃችን እንደገባ የሚናገር ዘጋቢ ፊልም ካያችሁ ማታውን እንቅልፍ ቶሎ አይወስዳችሁም። እኔ ደግሞ እንዲህ ዓይነቱን ፊልም ስወድ ለጉድ ነው። እራት ተበልቶ፣ ገበታው ተነስቶ፣ ቤቱ ጭር ሲል ስልኬን ከትራስ ጋር አስደግፌ እከፍታለሁ። እማዬ «ዛሬ ደግሞ የምን ላም ነው የምታየው?» ብላ ወደ መኝታዋ ትገባለች፤ እኔ አመሻለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ልቤን የነካው የታንዛኒያው ነው። «የዳርዊን ቅዠት» ይሉታል፤ ሁበርት ሳውፐር የሚባል ኦስትሪያዊ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ነው። ናይል ፐርች የሚባለው ግዙፍ ዓሣ እኛ ዘንድ በባሮና በጫሞ የኖረ የአገር ልጅ ነው፤ ቪክቶሪያ ሐይቅ ውስጥ ግን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ገደማ ሰው ወስዶ የጨመረው እንግዳ ነው። ገብቶም የሐይቁን ትንንሽ ዓሦች ፈጃቸው። ምዋንዛ ከተማ ያሉ ፋብሪካዎች ሥጋውን እየገፈፉ በጭነት አውሮፕላን ወደ አውሮፓ ይልኩታል። ለአገሬው የሚተርፈው ጭንቅላቱና አጽሙ ነው። ሴቶቹ ያንን አጽም እንጨት ላይ አስጥተው፣ ጠብሰው ይሸጣሉ፤ የሚገዛቸውም ሐይቁ ዳር ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንፈልገዋለን።

ሁለተኛው የራሳችን ጉዳይ ነው። ማርክና ኒክ ፍራንሲስ የሚባሉ እንግሊዛውያን ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ2006 «ብላክ ጎልድ» ብለው ስለ ቡናችን ሠሩ። ፊልሙ የሚከተለው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ሥራ አስኪያጅ የነበሩትን አቶ ታደሰ መስቀላን ነው። ጊዜው ክፉ ነበር። የዓለም የቡና ስምምነት ኮታ እ.ኤ.አ. በ1989 ከፈረሰ ወዲህ ገበያው ልጓም አጥቶ፣ በ2001 የኒውዮርኩ ዋጋ ለአንድ ፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወርዷል። አቶ ታደሰ ገበሬዎቹን ሰብስበው አንድ ሲኒ ቡና ባሕር ማዶ ስንት እንደሚሸጥ ሲነግሯቸው የሰዎቹን ፊት ማየት ነው! ትምህርት ቤት ለመሥራት መዋጮ እየሰበሰቡ ያሉ ሰዎች ናቸው። አንዳንዱ ደግሞ ተስፋ ቆርጦ ቡናውን ነቅሎ ጫት ተክሏል። ከሁሉ ከሁሉ ግን የአዲስ አበባዎቹ ለቃሚ ሴቶች ከዓይኔ አልጠፋ አሉ፤ በረድፍ ተቀምጠው ፍሬውን አንድ በአንድ ይለቅማሉ፣ የቀን ክፍያቸው ግን ግማሽ ዶላር አይሞላም።

ይህን ያየሁት እማዬ የማርያም ማኅበር ተራዋ ደርሶ በምትሰናዳበት ዋዜማ ነው። ጠዋት ስወጣ «ስትመለስ በሾላ ገበያ በኩል እለፍና ሁለት ኪሎ ደህና ቡና ግዛልኝ። እንዳትዘገይ፣ እንግዶቹ ከሰዓት ይገባሉ» አለችኝ። ቅዳሜ ነው፤ ግማሽ ቀን ሠርቼ ከቢሮ በቀጥታ ወደ ገበያው ወረድኩ። ኮት ለብሻለሁ፣ የመሥሪያ ቤቱ ባጅ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ፊልሙን እያየሁ ጥያቄ የጻፍኩበት ደብተርም በእጄ ነው። ገበሬው ስንት እንደሚደርሰው ሳላውቅ ቡና ላልገዛ ወስኛለሁ።

ቡና ከሚሸጡት መሐል አንዲት ጠና ያሉ እናት ከፊታቸው አፉ የተጠቀለለ ጆንያ አቁመው ተቀምጠዋል።

«ና የኔ ልጅ! ይርጋጨፌ ነው፤ አሽትተው እስቲ።»

አሸተትኩ። ደብተሬን ገለጥኩ። «ይርጋጨፌ የት አካባቢ?»

«እዚያው ይርጋጨፌ ነዋ።»

«ከማን ነው የሚረከቡት? ከአቅራቢ ነው ወይስ ከላኪ መጋዘን?»

እጃቸው ጆንያው ውስጥ እንደገባ ቀረ።

«ኪሎውን በስንት ገዙት? ገበሬውስ ከዚያ ላይ ስንት ደረሰው? ደረሰኝ አለዎት?»

እዚህ ላይ ጨዋታዬን ልግታና አንድ ነገር ላስረዳ። በአገራችን የውጭ ገበያ ደረጃ ያሟላ ቡና እዚህ እንዳይሸጥ ሕግ ሲከለክል ኖሯል፤ ለውጭ ምንዛሪ ሲባል ይላካል። ለእኛ የተፈቀደው ከዚያ የተረፈው፣ ደረጃ ያጣው ነው። ስለዚህ ባጅ ላንጠለጠለ ሰው «አዎ፣ ይርጋጨፌ ነው፣ ከእከሌ ተረከብኩት» ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ማሞገሻ የነበረው ቃል በአንድ ጊዜ ክስ ይሆናል።

«ኧረ ጌታዬ!» አሉ እጃቸውን ከጆንያው አውጥተው። «ይርጋጨፌ ማለቴ እንዲያው ለገበያ ያህል ነው። የጅማ ነው። የጅማም ተረፈ ምርት ነው። ደግሞስ መች የእኔ ሆነና? የጎረቤቴ ነው፤ መጣሁ ብላ ሄዳ እኮ ነው የምጠብቅላት።»

ጎረቤታቸው አጠገባቸው ተቀምጣለች። እሷም ነገሩ ሲገባት «የእኔም አይደለም» አለችና ሸራዋን ጎትታ ጆንያዋን አለበሰችው። ቀጥላ ያለችው ጆንያዋ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ከእሷ ወዲያ ያለችው ቡናዋ ላይ አንድ ሰፌድ ምስር ደፋችበት። ዓይኔ እያየ የቡናው ተራ የምስርና የሽሮ ተራ ሆነ። ቅቤ የምትሸጠውማ ምንም ሳይነኳት ቅቤዋን በኮባ ቅጠል ጠቀለለች። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? እነዚህ ሴቶች ልጥ ብቻ ሳይሆን እባቡንም ደጋግመው አይተዋል።

አንድ ሽማግሌ ከወዲያ መጡና ክንዴን ያዝ አድርገው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። «ወንድሜ፣ ነገሩን በሰላም እንጨርሰው። ልጅ አሳዳጊዎች ናቸው» እያሉ ቡና የሞላ ፌስታል እጄ ውስጥ ያስገባሉ።

«የለም አባባ፣ እኔ የምጠይቀው ስለ ገበሬው ነው።»

«ገበሬውንም ልትከሱት ነው?»

«ምንም ክስ የለም! ትናንት አንድ ፊልም አይቼ…»

«ፊልም ሊቀርጹን ነው!» አለች አንዷ። ነጠላ ሁሉ ወደ ፊት ተሳበ።

ከዚያ ወዲያ ምን ይባላል? ፌስታሉን ለሽማግሌው መለስኩና መንገዴን ያዝኩ። ያ መንገድ ለካ ረጅም ነው። በግራም በቀኝም ዓይን አለ። «ደህና ዋሉ» እላለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን የሚል ጠፋ። ጥግ ላይ ብይ የሚጫወት አንድ ልጅ ብቻ ቀና ብሎ አየኝና ወደ ሴቶቹ ዞሮ «ሄደ! ሄደ!» ብሎ ጮኸ። ከኋላዬ ሸራው አንድ በአንድ ሲገለጥ ይሰማኛል።

ቤት ስደርስ ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ረከቦቱ ላይ ሲኒዎቹ ተደርድረዋል፣ ከሰሉ ተቀጣጥሏል። «ቡናውስ?» አለች እማዬ። ከአንድ እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ፤ ከዚያ እጇን ዘርግታ ባጁን ከአንገቴ አወለቀችው፣ ደብተሬን ተቀብላ ብፌው ላይ አስቀመጠችው፣ ነጠላዋን አጣፋችና «ና ተከተለኝ» አለች። እንግዳ ደጅ ሊደርስ ነው፣ እኛ ወደ ገበያ እንወርዳለን።

የቡናው ተራ ሲያየን እንደገና ሊሸፋፈን ሲል እማዬ ከሩቅ ጮኸች፤ «ኧረ ተዉ፣ ይሄ እኮ የእኔ ልጅ ነው! ትናንት ማታ ፊልም አይቶ ነው!»

ሳቁን አልነግራችሁም። አንዷ እንባዋን በነጠላዋ ትጠርጋለች፣ ሌላዋ ምስሯን ከቡናው ለመለየት ወንፊት እየፈለገች ትስቃለች። እኚያ እናት «አንተ ልጅ፣ ልቤን አቆምከው እኮ!» አሉና የለስላሳ ሳጥን ገልብጠው አስቀመጡኝ። «በል ና፣ የእናትህን ቡና አብረን እንልቀም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ እንግዳም ቢመጣ ይቆያል።»

ሰፌዱ ላይ ሁለት እፍኝ ዘረገፉ። በግራ መዳፋቸው ፍሬውን በስሱ ያሰጡታል፤ በቀኝ አውራ ጣትና አመልካች ጣታቸው ደግሞ ዓይኔ ሳይደርስበት እየለቀሙ ይጥላሉ። ጥቁሩ ይወጣል። ነቀዝ የበሳው፣ መርፌ የወጋው የምትመስል ቀዳዳ ያለችበት፣ ይወጣል። የተሰበረው፣ ሲቆላ ቀድሞ ያርራልና፣ ይወጣል። ጠጠሯ ከፍሬው ጋር አንድ ዓይነት መልክ አላት፤ እሳቸው ግን ሳያዩ በጣታቸው ያውቋታል። እኔ አንዷን ሳገኝ እሳቸው ሰፌዱን ጨርሰዋል።

«ይህን የት ተማሩት?» አልኳቸው።

«ላኪ መጋዘን ለቃሚ ነበርኩ። ልጆቼን ያሳደግኩት በዚሁ ነው።»

ወዳጆቼ፣ ማታ ስልኬ ላይ ያየኋቸው እጆች ፊቴ ተቀምጠዋል! ስለዚያ ዘመን ጠየቅኳቸው፤ አሁን ደብተር የለኝም። ጎንበስ ብሎ መዋል ወገብን እንዴት እንደሚያደርግ፣ የቡናው ብናኝ ጉሮሮ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ደህናው ፍሬ በንጹሕ ጆንያ ታሽጎ እንዴት እንደሚጫን ነገሩኝ። «ያኔ ለቅመን ለቅመን የጣልነው ነው ዛሬ እዚህ የምሸጠው» አሉ። ስለ ገበሬውም ጠየቅኳቸው። «ገበሬውን አላውቀውም፤ እሱም እኔን አያውቀኝም። የማውቀው ጆንያውን የሚያራግፍልኝን ልጅ ነው።»

የምዋንዛውን ዓሣ ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ሥጋው ይሄዳል፣ አጽሙ ይቀራል። ቡናውም እንዲሁ፤ ምርጡ ይሄዳል፣ ልቃሚው ይቀራል፤ የቀረውን ደግሞ እንደ እኚህ እናት ያሉ ሴቶች እንደገና ለቅመው፣ አጥበውና ቆልተው ያቺን የምናውቃትን አቦል ያደርጓታል። ከአገሪቱ ምርት ቀላል የማይባለው የሚጠጣው እዚሁ ነው። ካመረተው ቡና ይህን ያህሉን ራሱ የሚጠጣ አምራች አገር ብዙ አይገኝም።

ነገር ግን እየሆነ ያለውን እዩ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ስለ ደን ጭፍጨፋ ሕግ አውጥቷል፤ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ቢራዘምም፣ ወደዚያ የሚገባ ቡና የበቀለበትን ማሳ በካርታ ላይ ለይቶ ማሳየት ይኖርበታል። እንግዲህ የሐምቡርግ ጠጪ ቡናው ከየትኛው ማሳ እንደተለቀመ ሊያውቅ ነው። የሾላ ጠጪ ግን ከየት ወረዳ እንደመጣ እንኳ ቢጠይቅ ገበያው በሸራ ይሸፈናል። እዚህ ያለው ቡና ስም የለውም፤ ስም የሌለው ነገር ደግሞ የገበሬውንም የለቃሚዋንም ድካም ይዞ አይመጣም።

ጉዳዩ የደንም ነው። በከፋና በያዩ ቡናው ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል፤ ዩኔስኮ ሁለቱንም እ.ኤ.አ. በ2010 በባዮስፌር ሪዘርቭነት መዝግቧቸዋል። ቡናው ገበሬውን ሲያበላው ዛፉ ይቆማል። ዋጋው ሲወድቅ ገበሬው ምን እንደሚያደርግ ፊልሙ ላይ አይተናል፤ ነቅሎ ሌላ ይተክላል። እኛ «ዘንድሮ ቡና ረከሰ» ብለን ደስ የሚለን ቀን፣ አንድ ቦታ መጥረቢያ እየተሳለ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ፊልሞቹን እዩ እላለሁ፤ ለልጆቻችሁም አሳዩ። ከዚያ ደንበኛ አብጁ። ዛሬ ከዚህ ነገ ከዚያ እያላችሁ አትዙሩ፤ አንዷን ሴት ያዙ፣ ሰላምታ ይቅደም፣ ቤተሰብ ይጠየቅ፣ ብር ከሳንቲም አትከራከሯት። ስትለምዳችሁ ቡናው ከየት እንደመጣ ሳትጠይቋት ትነግራችኋለች። ከፍ ሲል ደግሞ ገበሬው በማኅበሩ በኩል ደህና ቡናውን በስሙ፣ በአካባቢው ስምና በተገቢው ዋጋ ለእኛም የሚሸጥበት መንገድ እንዲከፈት በየመድረኩ እንናገር፤ ያኔ እኚያ እናትም «ይርጋጨፌ ነው» ብለው ሳይደነግጡ ይሸጣሉ። አቶ ታደሰ ለገበሬው ሚዛናዊ ዋጋ የሚከፍል ፍለጋ ባሕር ተሻግረው ለንደን ድረስ ሄደዋል። ከቡናው ቀላል የማይባለውን የምንጠጣው እኛ ከሆንን፣ ከዕዳውም ቀላል የማይባለው የእኛ ነው።