ሦስተኛው ሴሚስተር ይለምልም!

የአዲስ አበባ ወላጅ ለክረምት የሚዘጋጀው ጣሪያ በማስጠገን ነው የሚል ካለ፣ ያ ሰው ከተማዋን ከለቀቀ ቆይቷል። ዛሬ ክረምት የሚገባው በምዝገባ ነው። ሪፖርት ካርድ በተሰጠ በሳምንቱ የክረምት ትምህርት ይጀመራል፤ ጠዋት ሒሳብ፣ እንግሊዝኛና ሳይንስ፣ ከሰዓት ቤት ድረስ የሚመጣ አስጠኚ፣ ቅዳሜ ኮምፒውተር። እሑድ ዕረፍት ነው፤ የሳምንቱ ወርክሺት ይሠራበታል። ሐምሌንና ነሐሴን ከሥራ ፈትነት ያዳንን ወላጆች ምስጋና ይገባናል፤ ማንም ስላላመሰገነን እኔው ልጀምር።

ብልሃቱ ግሩም ነው። ገና ትናንት አራተኛን የጨረሰ ልጅ አምስተኛን በሐምሌ ይዘልቀዋል። መስከረም ላይ መምህሩ ክፍልፋይን ከ“ሀ” ሲጀምሩ እሱ ያዛጋል። ያቺ ማዛጋት እንዲሁ የመጣች እንዳትመስላችሁ፤ ተከፍሎባታል። እርግጥ መስከረም ላይም የሚቸኩል የለም፤ ከመስቀል በፊት ጠመኔ የሚያነሳ መምህር ለአገሩ እንግዳ መሆን አለበት። በመማሪያው ወር አርፈን በማረፊያው ወር የምንማር ሰዎች መሆናችንን ሌላው ዓለም ቢሰማ በቅናት ይቃጠል ነበር።

አንዳንድ የዋሆች ታዲያ፣ “ልጁ በክረምት ተረት ቢያነብስ?” ይላሉ። ተረት የያዘ ልጅ ጥግ ይዞ ለብቻው ይስቃል፤ የሚስቅ ልጅ ደግሞ እንደማያጠና የታወቀ ነው። ለመሆኑ ከተረት ምን ፈተና ይወጣል? አጎቱ ለእንቁጣጣሽ ሲመጣ “ስንተኛ ወጣህ?” ይለዋል እንጂ “ምን አነበብህ?” አይለውም። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ዘመድ በእኛ ሰፈር ገና አልተወለደም።

አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስን የመሰለ ሰው ይህን ሳይረዳ መቅረቱ ያሳዝናል። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት ክፍል ይሠሩ ነበር። ያንን እንጀራ ትተው መጡና ሾላ አካባቢ ለልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ የማሞን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተሙ፤ ይባስ ብለው ሐዋሳ ላይ በአህያ የሚጎተት ቤተ መጻሕፍት አቆሙ። አህያዋ ያን ሁሉ መንገድ ስትለፋ አንዲት ወርክሺት እንኳ አልጫነችም።

ቤተ መጻሕፍት ካነሳን፣ ወመዘክር ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። አራት ኪሎ ላይም በ2014 ዓ.ም. አብርሆት ተከፍቷል። ችግሩ ሰው በነፃ መግባቱ ነው፤ የማይከፈልበት ነገር ደግሞ ጥራቱ ያጠራጥራል። ልጁ ሲያነብ ውሎ ሲወጣም ሰርተፊኬት አይሰጠውም። እኛ እኮ ልጃችንን ገና ከመዋዕለ ሕፃናት ጋዋን አልብሰን፣ ቆብ ደፍተንለት ያስመረቅን ሰዎች ነን። አበው “ከመጠምጠም መማር ይቅደም” ያሉት በዘመናቸው ፎቶ አንሺ ስላልነበረ ነው።

ድሮ ልጅ በክረምት የኔታ ዘንድ ይሰደድና ፊደል ይቆጥር ነበር። ዛሬ ልጃችን አንድ ገጽ አማርኛ ሲሰጡት በየመስመሩ ይደናቀፋል። እኛም “ኧረ እሱ አማርኛ ይከብደዋል!” እንላለን፤ እንግዳ ካለ ድምፃችንን ከፍ አድርገን። ማፈር የሚባለው ነገር በየትኛው ሴሚስተር እንደሚሰጥ አናውቅም።

ቤት ውስጥ ያለው ሥርዓትም የሚመሰገን ነው። ቡፌው ላይ ብርጭቆ በዓይነት በዓይነቱ ተደርድሯል፤ መጽሐፍ አቧራ ስለሚይዝ አልተፈቀደለትም። አባት ከሶፋው ሳይነሳ፣ ዓይኑንም ከቲክቶክ ሳያነሳ፣ “አንተ ልጅ፣ አንብብ!” ይላል። ካፌ ተቀምጦ ማኪያቶ ሲጠጣ አዟሪው እስከ አገጩ የደረደረውን መጽሐፍ ይዞ ቢጠጋው በእጁ ይመልሰዋል። “መጽሐፍ እኮ ተወደደ” ይላል። እውነቱን ነው፤ ተወዷል። የሁለት ወር ቱቶሪያል ከፍሎ የመጣ ሰው የአንድ ተረት መጽሐፍ ዋጋ ቢያንገበግበው አይፈረድበትም።

ገና ያልተዘጋ አንድ ቀዳዳ ግን አለ። ቡሄ ሲደርስ ልጆች ዱላቸውን ይዘው በየደጁ ይዞራሉ። አንዱ ግጥም ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ የባለቤቱን ጠባይ አይተው እዚያው ስንኝ ይለዋውጣሉ። ማታ ያገኙትን ብር ለስንት እንደሚካፈሉት፣ ለአውጪው ምን ያህል እንደሚጨመርለት ይከራከራሉ። ለእንቁጣጣሽ ደግሞ አበባ ስለው ቤት ለቤት ያድላሉ። እንግዲህ ግጥሙም፣ ሒሳቡም፣ ሥዕሉም ያለ አስጠኚ፣ ያለ ደረጃ፣ ያለ ክፍያ ተከናወነ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሕገ ወጥ ትምህርት ዝም ሊባል አይገባም፤ ቢያንስ የቡሄ ዋዜማ ማታ ሞዴል ፈተና ይዘጋጅ።

ነገረኛ ሰው ይነሳና፣ “ለመሆኑ ይህ ሁሉ ጥድፊያ ምን አመጣ?” ይለናል። የ12ኛ ክፍልን ፈተና ይጠቅሳል፤ በ2014 ዓ.ም. ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ መሆናቸውን። መጽሐፍ የማያይ፣ አስጠኚ የማይደርስለት ልጅ በየገጠሩ እንዳለም ያስታውሰናል። እኛን ግን ይህ ቁጥር አያስደነግጠንም። ሽምደዳ ካላዋጣ፣ መጠኑ አነሰ ማለት ነው። ጳጉሜን አምስት ቀን ሙሉ ባዶዋን ተቀምጣለች፤ በየአራት ዓመቱማ ስድስት ትሆናለች። አራተኛው ሴሚስተር ይግባባት።

በመጨረሻ ለወላጆች አንድ ምክር አለኝ። በዚህ ክረምት ልጅዎ ማንም ሳያዘው መጽሐፍ ይዞ ቢያገኙት አይደንግጡ፤ ቶሎ ከተደረሰበት ይድናል። መጽሐፉን አይቀሙት፤ መቀማት ያስጎመጀዋል። ይልቅ ምዕራፉን እንደጨረሰ አሥር ጥያቄ ያውጡለት፣ ያርሙት፣ ነጥብ ይስጡት፣ የጎረቤት ልጅ ስንት ገጽ እንዳነበበ እየጠቀሱ ያወዳድሩት። ነሐሴ ሳያልቅ መጽሐፍ ባየ ቁጥር ሆዴን አመመኝ ይላል። ከዚያ በኋላ ሳይዘገዩ የሚያስጠናው ሰው ይፈልጉለት።